ልስኑ ጋለሪ ሲገባ ጥበብ፣ ኡኬ ሲቀር ድህነት

ጀሶ በኢትዮጵያ ስሙ አያምርም። እጁ የተሰበረ ሰው ጀሶ ይታሰርለታል። ከጤፍ ጋር ጀሶ ቀላቅለው እንጀራ ሲሸጡ የተያዙ ሰዎች ዜና ከተሰማ ወዲህ ደግሞ፣ እንጀራው ትንሽ ነጣ ባለ ቁጥር የሚጠራጠር በላተኛ በዝቷል። በአዲስ ሕንጻ ውስጥ ጀሶ ማለት ሽቦና ቧንቧውን ደብቆ ኮርኒሱን የሚያሳምር ነገር ነው። ስብራት፣ ማጭበርበር፣ መሸፈኛ። ሕዝቡ ጀሶን የሚያውቀው በእነዚህ ሥራዎቹ ነው።

ይኸው ጀሶ ጋለሪ ሲገባ ግን ሌላ ክብር ያገኛል። በነጭ ግድግዳ ላይ፣ በደህና መብራት ሥር ይሰቀላል። ከጎኑ የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረት የሰፈረባት ትንሽ ካርድ ትለጠፋለች። ሥራው ላይ ሰው የለም፤ ከብት የለም፤ «ይህ እንዲህ ነው» የሚባል ነገር የለም። ያለው የልስኑ ውፍረትና ስስነት፣ መሣሪያው ያለፈበት መስመር፣ ሲደርቅ የተሰነጠቀበት ቦታ፣ መብራት ከጎን ሲመታው የሚጥለው ጥላ ነው። ተመልካቹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። አብስትራክት ነዋ! ያልገባውም እንደገባው ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል።

እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጀሶም፣ ጭቃም፣ ኖራም ጥበብ ይሆናል፤ ሆኖም ታይቷል። ጠቡ የሚጀምረው ያንኑ ልስን፣ ያንኑ መስመር፣ ያንኑ ስንጥቅ ኡኬ ውስጥ አንዲት እናት በቤቷ ግድግዳ ላይ ስትሠራው ስሙ ለምን «ድህነት» እንደሚሆን ሲጠየቅ ነው።

፨

በመጀመሪያ አዲስ አበባ ያለው ይታይ። መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ነው ለሕዝብ የተከፈተው። መሥራቾቹ አንትሮፖሎጂስቷና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ እና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። የሙዚየሙ ቤቶች የቆሙት በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ ነው። ግድግዳዎቹ ለጥ ብለው አልተለሰኑም። የሚጠመዘዝ፣ የሚያብጥ፣ የሚጎደጉድ፣ እንደ ወንዝ እየታጠፈ የሚሄድ ቅርጽ ተሠርቶባቸዋል። ጎብኚው ገና ከውስጥ ምን እንደተሰቀለ ሳያይ ከውጭ ያለውን ግድግዳ በእጁ ሊነካ ይፈልጋል። ማለትም ዐውደ ርእዩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ራሱም ነው።

ኤልያስ ስሜ ተራ ሰው አይደለም። በተጣሉ የኮምፒውተርና የስልክ ሽቦዎች የሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎቹ ዓለምን ዞረዋል። እ.ኤ.አ. ለ2020 የሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ስድስት አርቲስቶች አንዱ ነበር። ይህ ሰው ከመስከረም ጋር ሆኖ በሀገሪቱ ያለውን የጥንት የጭቃ ግንባታ ዘዴ አጥንቶ፣ «ይህ እውቀት ነው» ብሎ መሐል አዲስ አበባ አቆመው። ዞማ በዚህ ሊመሰገን ይገባል። ጭቃ ቤት ማለት ሰው ብር እስኪያገኝ ድረስ የሚታገሠው ነገር ነው ብሎ ለሚያስብ ከተሜ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አልተሰጠም።

ጥያቄው ዞማ የከፈተው በር ለምን መካኒሳ ላይ ብቻ ክፍት ሆኖ ቀረ የሚለው ነው። እውቀቱ ከገጠር መጣ፤ ክብሩ ከተማ ቀረ።

፨

ኡኬ ከነቀምት ወደ ሰሜን፣ ወደ አንገር ሸለቆና አልፎም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። የዚያ አካባቢ ሕዝብ ብዙ ዓይነት ነው። ነባሩ ኦሮሞ አለ፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜና ከዚያም በፊትና በኋላ ከወሎም ከሌላም ወደ ወለጋ የመጣ ሰፋሪ አለ፤ ነጋዴ አለ። አንዱ ጭቃ ይለዋል፤ ሌላው ዾቄ ይለዋል። ግድግዳው ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ያው ነው።

ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ የጋለሪ ደንበኛ ይኖራልና ይነገረው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይማገራል። አፈር ተቆፍሮ፣ ውሃ ፈሶበት፣ ጭድ ተነስንሶበት በእግር ይረገጣል። ረገጣው ብቻውን የሚወጡት ሥራ አይደለም፤ ጎረቤት በደቦ ይጠራል። ጭቃው ተቦክቶ ለቀናት ይተዋል። ጭዱ እየለሰለሰ ከአፈሩ ጋር ሲያያዝ ነው ጥሩ ምርጊት የሚሆነው። ቸኩሎ የመረገ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳው ተገሽልጦ ያገኘዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩን ይሞላል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሰንጠቁ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛው ምርጊት የሚይዘው ያንን ስንጥቅ ነው።

ከዚያ ወንዱ እጁን ታጥቦ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ልቅለቃ የሴቷ ነው። የተነፋ አፈር፣ እበት፣ አመድ፣ እንደየአካባቢው ቀይ ወይም ነጭ አፈር ታቀርባለች። መሣሪያዋ መዳፏ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ግማሽ ክብ እየሠራች ትለቀልቃለች። የክቡ ስፋት የሚለካው በክንዷ ርዝመት ነው፤ ትከሻዋ እንደ ኮምፓስ መርፌ ቆሞ እጇ ይዞራል። አጭር ሴት የለቀለቀችው ግድግዳና ረጅም ሴት የለቀለቀችው ግድግዳ በመስመሩ ይለያል። የደጅ አግዳሚዋን ጥግ በሌላ ቀለም ትከባለች። የጣቶቿን መስመር አንዳንዴ ታጠፋዋለች፤ አንዳንዴ ሆን ብላ ትተወዋለች።

እዚህ ላይ የተማረው ተከራካሪ ይነሣል። «እሷ ጥበብ ልሥራ ብላ አልተነሣችም፤ ቤቷን ነው የለቀለቀችው» ይላል። መልሱ ቀላል ነው። ንፋስና ዝናብ ለመከላከል ከሆነ ሁለተኛው ምርጊት ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የተጨመረው ቀለም፣ የተመረጠው መስመር፣ የተተወው የጣት ምልክት ቤቱን አያሞቀውም፤ ጣሪያውንም አይሸከምም። ሴትየዋ ያንን የጨመረችው መልኩን ስለፈለገችው ነው። ጎረቤቷም ዓይቶ «የእገሊት ቤት እንዴት ያምራል» የሚለው ስለዚያ ነው። መራጭ አለ፤ ሠሪ አለ፤ ዓይቶ የሚፈርድ አለ። ጋለሪ ውስጥ ከዚህ የተለየ ምን አለ? ካርዷ ብቻ።

በሥራው በኩል ከሆነማ የኡኬዋ ሴት ሥራ ይከብዳል። ጀሶ ከዓለት ይወጣል፤ የዓባይ በረሃ በጎሐ ጽዮን በኩል ሞልቶታል። ዓለቱ ተፈጭቶ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ አብዛኛውን ውሃውን ያጣል። ሠዓሊው መልሶ ውሃ ሲጨምርበት ሙቀት እየሰጠ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል። ሠዓሊው ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል፤ ግን ክፍሉ ደረቅ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ሥራው ካልሆነለት ሰብሮ እንደገና ይጀምራል። እሷ የምትሽቀዳደመው ከዝናብ ጋር ነው። ሥራዋም በየዓመቱ ይታደሳል፤ መስቀል ሲቃረብ ያምናው ግድግዳ እንደገና ይለቀለቃል። የአምናውን ማንም አላስቀመጠውም፤ ማንም ፎቶ አላነሳውም።

፨

አብስትራክት ሥዕል «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ክስም በዚሁ ይመለስ። ክሱ አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ፣ በቀጣዩ ዓመት ሥራዎቹን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። ቅዱሳንን፣ ነገሥታትንና የጦር ሜዳን በሥዕል ማየት የለመደ ዓይን፣ ክብና መስመር ብቻ ሲቀርብለት ባዕድ ሆነበት። ሥራው ኢትዮጵያዊ አይደለም ተባለ። ገብረ ክርስቶስ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ለዓመታት አስተማረ፤ በመጨረሻም ሀገሩን ለቆ በስደት አሜሪካ ውስጥ በ1981 እ.ኤ.አ. አረፈ። ዛሬ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ።

ያኔ የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ስተዋል። ከሳሾቹ አብስትራክት ከውጭ የመጣ ነው አሉ። ተከላካዮቹም በአብዛኛው «አዎ፣ መጥቷል፤ ይምጣ፣ ዘመናዊነት ነው» አሉ። በየገጠሩ ግድግዳ ላይ ሰው የሌለበት፣ ከብት የሌለበት፣ መስመርና ቀለም ብቻ የሆነ ሥራ ስንት ዘመን ሲሠራ እንደኖረ ግን ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ አልታየም። ማስረጃውን የያዙት ሴቶች ስለነበሩ፣ እነሱም ገበሬዎች ስለነበሩ፣ ክርክሩ ደግሞ አዲስ አበባ በተማሩ ወንዶች መካከል ስለነበረ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

፨

አሁን ደግሞ ለተቃዋሚው ሙሉ መብቱ ይሰጠው። «ጭቃ ቤት ጥበብ ነው የምትሉት እናንተ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጣችሁ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ጭቃ ቤትን ምስጥ ይበላዋል። ክረምት ግርጌውን ያረጥበዋል። እበቱን የምትሸከመው፣ ውሃውን የምትቀዳው፣ በየዓመቱ ወገቧ እስኪቆረጥ ጎንበስ ቀና የምትለው ያቺው ሴት ናት። ለጎብኚ ፎቶ ሲባል በጭቃ ቤት ውስጥ ይቆዩ የሚል ሰው ካለ ጨካኝ ነው። ኡኬ ላይ ብሎኬትና ሲሚንቶ የቻለ ቤተሰብ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይሥራ፤ እሰየው።

ግን ይህ ክርክር የሚያረጋግጠው ሥራው ከባድ መሆኑን እንጂ ዋጋ ቢስ መሆኑን አይደለም። ልብስ ስፌትም ከባድ ነው፤ ሽመናም ከባድ ነው። ሸማኔው ፋብሪካ ስለመጣ ጥበቡ ቆሻሻ ነበር አልተባለም። ለጭቃው ግን የተባለው እንደዚያ ነው። ባለሥልጣኑ ጭቃ ቤት ሲፈርስ «ልማት» ይላል እንጂ፣ ከግድግዳው ጋር የፈረሰ እውቀት መኖሩን አይጠይቅም። አዲስ አበባ ሕንጻዎቿን ግራጫ ቀቡ ብላ ስታዝ የክልል ከተሞችም ዓይናቸው ወደዚያው ነው። የክንዷን ስፋት ያህል ክብ እየሠራች ግድግዳ የለቀለቀች ሴት፣ ልጇ የሚኖርበት ከተማ ምን መልክ ይኑረው ሲባል ማንም አይጠራትም።

ሲሚንቶውም ቢሆን ከእሷ የሚማረው ነበረው። ልስን ሥራ ዛሬ በየከተማው የወጣት እንጀራ ነው። ሥራውን ግን የሚማረው ድብን ያለ ለጥ ያለ ገጽ ማውጣትን ብቻ ነው። እናቱ በመዳፏ የምታውቀውን መስመር ልጁ በመለሰኛ መሣሪያው ቢያወጣው የወለጋ ከተሞች ሕንጻ የሌላ ከተማ ግልባጭ አይሆንም ነበር። ዞማ ያደረገው እኮ ይህንኑ ነው፤ የእናትን መዳፍ በሙያ የተማረ እጅ ላይ አስቀመጠ።

፨

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ወለጋ ስንቱን መከራ እያየች ስለ ግድግዳ ሥዕል ታወራላችሁ?» የሚለው።

ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋና በዙሪያው የሆነውን የወለጋ ሰው ማስታወስ አያስፈልገውም። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከካማሺ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ነቀምት ሲጎርፍ ከተማዋ ዓይታለች። ከዚያም በኋላ ቤት ተቃጥሏል፤ ከብት ተነድቷል፤ መንገድ ተዘግቷል። ኦሮሞውም ተፈናቅሏል፤ አማራውም ተፈናቅሏል። መጠለያ ውስጥ የወለደች አለች፤ ተመልሳ የቤቷን አመድ ያገኘች አለች።

ስለ ግድግዳው መናገር የሚያስፈልገው ይህ ስለሆነ ነው። ቤት ሲቃጠል የሚመዘገበው የቆርቆሮው ብዛት፣ የእህሉ ኩንታል፣ የከብቱ ቁጥር ነው። መመዝገቡም ግድ ነው። ግን ሴትየዋ ስታለቅስ የምታስታውሰው ቆርቆሮውን ብቻ አይደለም። ለበዓል የለቀለቀችውን ግድግዳ፣ ልጇ ከጎኑ ቆሞ ቁመቱን የለካበትን፣ ቡና የፈላበትን ጥግ ታስታውሳለች። ይህ በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ሌላው ዓለም ለዚህ ቦታ አበጅቷል፤ ያውም በልስን። እንግሊዛዊቷ ቀራፂ ሬቸል ዋይትሪድ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰሜን ለንደን ውስጥ የአንድ ተራ አሮጌ ቤት ሳሎን ውስጡን በጀሶ ቀረጸችው። የቀረጸችው ግድግዳውን ሳይሆን በግድግዳዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነው። የምድጃው ጎድጓዳ ወደ ውጭ አበጠ፤ የበሩና የመስኮቱ ምልክት ተገልብጦ ጀሶው ላይ ቀረ። ነገሥታት የኖሩበት ክፍል አልነበረም፤ ተራ ሰው የኖረበት ነው። «መንፈስ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ያ ሥራ ዛሬ የሚገኘው ዋሽንግተን ባለው ብሔራዊ ጋለሪ ነው።

ጣሊያን ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 የሲሲሊዋን ጊቤሊና ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። ሕዝቡ ሌላ ቦታ አዲስ ከተማ ተሠራለት። ሠዓሊው አልቤርቶ ቡሪ የአሮጌዋን ከተማ ፍርስራሽ በነጭ ኮንክሪት ሸፈነው፤ ሥራው በ1984 ተጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በ2015 ተጠናቀቀ። ወደ 8 ሔክታር ይሸፍናል። ከሩቅ ሲያዩት የደረቀ ጭቃ የተሰነጠቀ ይመስላል፤ ሰው በስንጥቁ ውስጥ ሲሄድ የድሮዎቹን መንገዶች ተከትሎ ነው የሚሄደው። አብስትራክት ማለት ከሕይወት የራቀ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ጊቤሊና ላይ ቤቱ የነበረበትን መንገድ በስንጥቁ ውስጥ ለሚፈልግ ሽማግሌ ይንገረው።

ለወለጋ ኮንክሪት ይፍሰስበት የሚል የለም። ሰው ተመልሶ ሊኖርበት የሚገባ ምድር ነው። ነጥቡ ሌሎች የጠፋ ቤትን ለማስታወስ ልስንና ስንጥቅን መምረጣቸው ነው። ወለጋ ላይ ደግሞ ልስኑንና ስንጥቁን አጥርተው የሚያውቁ እጆች በሕይወት አሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን አልተገኘም።

፨

ስለዚህ ጥያቄው ለየባለቤቱ ይድረስ።

ለወለጋ ሙዚየም፦ ነቀምት መሐል ያለው ይህ ሙዚየም የሕዝቡን ዕቃ ሰብስቦ ያሳያል፤ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ክፍል ግድግዳውን ባዶ ያድርግና ከኡኬ፣ ከአንገር ጉቲን፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡ ሴቶችን ይጥራ። አፈራቸውን ይዘው ይምጡ። እያንዳንዷ አንድ ግድግዳ ትለቅልቅ። ከጎኑ ካርድ ይለጠፍ፤ ስሟ፣ ቀበሌዋ፣ አፈሩ የተቆፈረበት ቦታ ይጻፍበት። ክፍያዋም እንደ ጥበብ ሰው ይሁን። ከዚያ የጀሶ ዐውደ ርእይ የሚፈልግ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምት ይምጣ። እስካሁን የሚጓዘው የወለጋ ልጅ ብቻ ነበር።

ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ፦ አፈሩ ከጭዱ ጋር በምን ያህል እንደሚደባለቅ፣ ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ የትኛው አፈር ምን ቀለም እንደሚሰጥ የሚያውቁ እናቶች እያረጁ ነው። ይመዝገብ፤ ፎቶ ይነሣ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፍ። ነገ ማለት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መልሶ ግንባታ ላይ ለተሰማሩ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች፦ ለአናጢው፣ ለቆርቆሮው፣ ለሚስማሩ በጀት አለ። የመጨረሻው ልቅለቃ ግን «እሷው ትጨርሰዋለች» ተብሎ በነጻ ይታለፋል። በጀቱ ውስጥ አንድ መስመር ይግባለት። ለሴትየዋ ገቢ ይሆናል፤ ተመልሳ የገባችበት ቤትም የመንግሥት መጠለያ መሆኑ ቀርቶ የራሷ ይሆናል።

ለአዲስ አበባ ጋለሪዎችና ለሠዓሊዎቹ፦ በገጠር ቤት ግድግዳ «ተነሳስቶ» የተሠራ ሥራ ሲሸጥ፣ ያነሳሳችው ሴት ስም ይጠራ። የትኛው መንደር፣ የማን ቤት፣ መቼ እንደታየ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሰው ከመጽሐፍ ሐሳብ ሲወስድ የደራሲውን ስም ይጠራል። ከግድግዳ ሲወስድ ዝም የሚልበት ምክንያት የለም።

ኡኬ ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ፀሐይ ምርጊቱን ማድረቅ ስትጀምር፣ ቤቷ የቆመላት ሴት ባልዲዋን ይዛ ትወጣለች። አመዱን ትነፋለች፤ እበቱን ታቦካለች፤ እጇን ነክራ ከግርጌ ትጀምራለች። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም፤ የጋለሪ ግብዣም አያስፈልጋትም። የሥራዋን ስም በትክክል መጥራት ግን የሌላው ሰው ዕዳ ነው፤ እስካሁንም አልተከፈለም።